የካሪቢያን ሮቲ በቶሮንቶ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ተነሥተን ወደ ከበደው እንሄዳለን፤ ቤቱ መጋገር ለሚፈልግም መጠኑ መጨረሻ ላይ አለ።

የካሪቢያን ሮቲ ምንድን ነው? ቻፓቲ አይደለም እንዴ?

ዘራቸው አንድ ነው፤ ሳህን ላይ ሲቀርቡ ግን ለየቅል ናቸው። "ሮቲ" የሚለው ቃል በትሪኒዳድና በጉያና ሰዎች ዘንድ ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንዱ ቂጣው ራሱ ነው። ሌላው ቂጣው በካሪ ወጥ ተሞልቶ፣ በአራቱም ጎን ታጥፎ፣ በወረቀት ወይም በፎይል ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሙሉ ምሳ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ሮቲ ቤት ገብተው "አንድ ሮቲ" ካሉ የሚሰጥዎት ሁለተኛው ነው። ቂጣው ብቻ ከፈለጉ "ስኪን" ይበሉ፤ እነሱም የሚሉት እንደዚያ ነው።

ቂጣው ከፉርኖ ዱቄት ይቦካና ታዋ በሚሉት ጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ላይ ይጋገራል። ሲዘረጋ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ተሞልቶ ሲጠቀለል እጅ ላይ ይከብዳል፤ ብዙ ለማይበላ ሰው ግማሹ ይበቃል።

የሕንድ ቂጣ ካሪቢያን ምን ሊሠራ ገባ?

እንግሊዞች በግዛቶቻቸው ባርነትን ከሻሩ በኋላ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎቹ ሠራተኛ አጡ። ባለርስቶቹ ከሕንድ በውል የሚሠሩ ሰዎችን በመርከብ ማስመጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1838 ጉያና ደረሱ፤ ትሪኒዳድ ደግሞ ፋትል ራዛክ በምትባል መርከብ ሜይ 30 ቀን 1845 ገቡ። ብዙዎቹ ዛሬ ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ ከሚባሉት የሰሜን ሕንድ አካባቢዎች የመጡ ነበሩ፤ አሠራሩም እስከ 1917 ዘለቀ። ቂጣውን፣ እርዱንና ከሙኑን ይዘው መጡ፤ እዚያ ያገኙትን ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ጨመሩበት።

ቶሮንቶ የደረሰው በሌላ ስደት ነው። ካናዳ በ1967 ስደተኛን በነጥብ መመዘን ስትጀምር ከትሪኒዳድ፣ ከጉያናና ከጃማይካ ብዙ ሰው ገባ። ካሪባና የሚባለው የጎዳና ካርኒቫል የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

ዳልፑሪ፣ ፓራታ፣ በስ አፕ ሸት፣ ሳዳ ሲሉ ይምታታብኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሮቲ ቤት ውስጥ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ወጡን በማንኛውም ቤት ደህና አድርገው ይሠሩታል፤ ቤቱን ከቤት የሚለየው ቂጣው ነው። ዳልፑሪ የሚባለው ሆዱ ውስጥ አተር ክክ ያለበት ነው። ክኩ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ ከተቆላ ከሙንና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ደረቅ ሆኖ ይፈጫል፤ ድቡልቡሉ ሊጥ ውስጥ ይከተትና ይዳመጣል። ሲጋገር ክኩ በሁለቱ ስስ ንጣፎች መካከል እንደ ቢጫ ዱቄት ይቀመጣል። ሲቆረስ ትንሽ ጭን ላይ ይረግፋል። ያ ጉድለት አይደለም፤ ክኩ በደንብ መድረቁን ነው የሚያሳየው። ተጠቅልሎ ለሚበላ ሮቲ የሚመረጠው ይህ ነው።

ፓራታ ክክ የለውም። ሊጡ ተዳምጦ ዘይት ወይም ቅቤ ይቀባል፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ በቢላ ይሰነጠቃል፣ እንደ ኦቾሎኒ መጠቅለያ ወረቀት ሾጠጥ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ ካረፈ በኋላ እንደገና ይዳመጣል። ስለዚህ ሲበስል ንጣፍ በንጣፍ ነው። ገና ትኩስ እያለ ዳብላ በሚሏቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች እዚያው ምጣዱ ላይ ሲደበድቡትና ሲያማቱት ይበጣጠሳል። በስ አፕ ሸት የሚባለው ይሄ ነው፤ ስሙ "የተቀዳደደ ሸሚዝ" ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ነው፣ ክምሩን ላየ ሰው ስሙ ያስኬዳል። አይጠቀለልም። ወጡ በጎን ቀርቦ በእጅ እያነሱ ነው የሚበሉት፤ እዚህ ላይ ሐበሻን ማስተማር አያስፈልግም። ጉያናዎች ይህን የመሰለውን "ኦይል ሮቲ" ይሉታል፤ ከምጣዱ እንደወጣ በሁለት እጅ እያጨበጨቡበት ነው የሚያለሰልሱት።

ሳዳ ወፍራምና ዘይት የሌለው የቁርስ ቂጣ ነው። አብሮት የሚቀርበው ቾካ ነው፤ ደበርጃን ወይም ቲማቲም እሳት ላይ ተጠብሶ፣ ተላጦ፣ ተደቁሶ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጋለ ዘይት ይደፋበታል። ከረፋዱ በኋላ ሳዳ ፍለጋ መዞር ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ ቀን ምን ልዘዝ?

ፍየል በዳልፑሪ። አጥንት የሚያስቸግርዎት ከሆነ አጥንት የሌለው ዶሮ። ሥጋ የማይበሉ ከሆነ ሽንብራና ድንች፤ በእነሱ አጠራር "ቻና ኤንድ አሉ"። ድንች በሥጋውም ወጥ ውስጥ አለ፤ እየፈረሰ መረቁን ያወፍረዋል እንጂ ለማብዛት ብቻ የገባ አይደለም። ብዙ የትሪኒዳድ ሰው ደግሞ ከሥጋው ላይ አንድ ማንኪያ ዱባ ወይም ስፒናች (ባጂ ይሉታል) ያስጨምራል። የዱባው ጣፋጭነት የቃሪያውን እሳት ስለሚያበርደው ይሞክሩት፤ ትንሽ ቢያስከፍሉም ያዋጣል።

ፍየሉ ከነአጥንቱ ተቆራርጦ ነው የሚሠራው፤ በመጋዝ ወይም በመጥረቢያ ሲቆረጥ ትንንሽ የአጥንት ስንጣሪ ይቀራል። በጥቅልል ውስጥ ደግሞ አይታይም። ለልጅ የሚገዙ ከሆነ አጥንት የሌለውን ይያዙ፣ ወይም ፈተው ያብሉት።

ቶሮንቶ ውስጥ የት ልሂድ?

እንደ ሰፈሩ ነው። መሃል ከተማ ላሉ ሰዎች የቆየው የሮቲ መንገድ ፓርክዴል ነው፤ ኩዊን ዌስት ላይ ያለው የአሊ ሮቲ ቤት የሰፈሩ መለያ ሆኖ ቆይቷል። የ501 ኩዊን ትራም በዚያ ያልፋል። ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ብሎርና ላንስዳውን አካባቢ ቪናስ ሮቲ አለ። ዳንፎርዝ ላይ ካሉት የሐበሻ ቤቶች ለሚነሣ ሰው ይህ ከሁሉም ይቀላል፤ ግሪንዉድ ጣቢያ በሁለተኛው መስመር ባቡር ተሳፍሮ ሳይቀይር ላንስዳውን መውረድ ነው። ከዚያ ፓርክዴል መቀጠል ካሰኘዎት 47 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ደቡብ ኩዊን ያደርስዎታል።

ብዛቱና ጥራቱ ግን ዳር ዳሩን ነው። ካሪቢያኖቹ ራሳቸው የሚኖሩት ስካርቦሮ፣ ኢቶቢኮክ ሰሜኑ ክፍል፣ ብራምፕተንና ኤጃክስ ነውና ሮቲ ቤቶቹም ተከትለዋቸዋል። ስካርቦሮ ሼፐርድ ኢስት ላይ ያለው ሞናስ ሮቲ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከዶን ሚልስ ጣቢያ 85 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳል። ለደብልስ (ሽንብራ ካሪ ለሚደረግበት ጥብስ ቂጣ) ደግሞ ኢቶቢኮክ ያለው ድሩፓቲስ ስም አለው። ኤግሊንተን ዌስት፣ ሊትል ጃማይካ የሚባለው ሰፈር፣ ለጀርክ (በቅመም ታሽቶ ለሚጠበስ ሥጋ) እና ለፓቲ (ሥጋ ለተሞላ ሊጥ) ይሻላል፤ በ2011 የተጀመረው የባቡር ግንባታ ለዓመታት መንገዱን ቆፍሮ ብዙ ሱቅ ስለጎዳ የድሮ ዝርዝር ይዘው አይሂዱ።

እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው ትንንሽ የቤተሰብ ሱቆች ናቸው። እሑድ ወይም ሰኞ የሚዘጉ አሉ፣ ቤት የሚቀይሩም አሉ። ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ፤ ሲደውሉም "ክፍት ናችሁ?" ብቻ ሳይሆን "ዳልፑሪ አለ?" ብለው ይጠይቁ።

ወረፋ ላይ ስቆም ምን ይጠይቁኛል? ፈጣኖች ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፈጣኖች ናቸው፤ ቁጣ ግን አይደለም። የሚጠይቁት ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ ወጡ ምን፣ ቂጣው የቱ፣ ከነአጥንቱ ወይስ "ቦንለስ"፣ ቃሪያ ስንት፣ እዚህ ወይስ ይዘው የሚሄዱት። አምስቱን በአንድ ትንፋሽ ከተናገሩ እንደ ነባር ደንበኛ ያዩዎታል።

ከግማሽ ሰዓት በላይ መንገድ ካለብዎት ስድስተኛ ነገር ይጨምሩ፤ ወጡና ቂጣው ለየብቻ እንዲደረግልዎት። ተጠቅልሎ የቆየ ሮቲ ታችኛው መታጠፊያ መረቁን ይመጥና ይቦጨቃል፤ መኪና ውስጥ የፈሰሰ ካሪ ደግሞ ከወንበር ጨርቅ አይለቅም።

ቃሪያው ምን ያህል ያቃጥላል? እኛ ሚጥሚጣ የለመድን ነን።

ይህን ብለው "ሆት" ያዘዙ ብዙዎች በእንባ ጨርሰዋል። የሚጠቀሙት ስኮች ቦኔት የሚባለውን አጭርና ሸምቀቅ ያለ ቃሪያ ነው፤ ስኮቪል በሚባለው የቃሪያ ማቃጠል መለኪያ ከ100,000 እስከ 350,000 ይደርሳል። ጉያናዎች ዊሪ ዊሪ የሚሉት እንደ ቼሪ የምታክል ቀይ ቃሪያ አላቸው። ሚጥሚጣ ምላስ ላይ ወዲያው ይናገራል፤ ይሄ ግን መጀመሪያ የፍራፍሬ ሽታ ሰጥቶ ያዘናጋና ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ጉሮሮ ይይዛል። ሲሰማዎት ግማሹ ሮቲ አልቋል።

"ስላይት" ማለት ጠብታ ያህል ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ። ቃሪያው የሚቀባው ከመጠቅለሉ በፊት ስለሆነ በኋላ ማውጣት አይቻልም፤ በጎን እንዲሰጥዎት ግን መጠየቅ ይቻላል፣ ነውርም የለውም።

ደብልስ ምንድን ነው? ሮቲ ነው?

ሮቲ አይደለም፣ ሮቲ ቤት ውስጥ ግን አይጠፋም። ባራ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ፣ በእርድ ቢጫ የሆኑና በእርሾ ነፍተው ዘይት ውስጥ የተጠበሱ ለስላሳ ቂጣዎች ናቸው። በመሃል የሽንብራ ካሪ፣ ከላይ ኪያር፣ የታማሪንድ (የሁመር) ማባያና ቃሪያ ይደረጋል። የጀመሩት ትሪኒዳድ፣ ፕሪንስስ ታውን ውስጥ፣ ኢማሙል ዲንና ባለቤቱ ራሱላን በ1936 ነው። መጀመሪያ በአንድ ባራ ነበር የሚሸጡት፤ ደንበኛው "ደብል አድርጉልኝ" ሲል ስሙ በዚያው ቀረ።

በብራና ወረቀት ተጠምዞ ነው የሚሰጥዎት። ወረቀቱን እንደ ሳህን ዘርግተው፣ ከአንዱ ባራ ቁራሽ እየቀደዱ ሽንብራውን እየዛቁ ይበሉታል። እንደ ሳንድዊች ግጥም አድርገው ካነሡት ሸሚዝዎ ላይ ያልቃል። ከ15 ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ባራው ላብ አውጥቶ ይልሞሰሞሳል። ቤት ወስዶ ማሞቅ የሚባል ነገር ስለሌለ በሩ ላይ ቆመው ይጨርሱት። በአብዛኛው የጠዋት ምግብ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ወረፋው ለዚህ ነው።

በጾም ወቅት የሚበላ አለ?

አለ፣ ሞልቷል። ለሁዳዴ ቶሮንቶ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምግብ ማግኘት ያስቸግራል። ሽንብራና ድንች፣ ዱባ፣ ስፒናች፣ ደበርጃን ቾካ በዘይት ነው የሚሠሩት። ደብልስ፣ አሉ ፓይ (በድንች የተሞላ ጥብስ ሊጥ)፣ ፎሉሪ (የክክ ዱቄት ጥብስ ኳስ) ከእንስሳት ምንም የለባቸውም።

የሚያጠምደው ቂጣው ላይ ነው። ዳልፑሪ በአብዛኛው ዘይት ነው የሚቀባው፤ ፓራታና በስ አፕ ሸት ግን በቅቤ ወይም ወተት ባለው ማርጋሪን ሊሠሩ ይችላሉ። "ቪጋን ነው?" ከማለት ይልቅ "ቂጣው ላይ የምትቀቡት ዘይት ነው ወይስ ቅቤ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ "ቬጅቴሪያን ነው" የሚል መልስ ቅቤን አያስወጣም። የነጭ ሽንኩርት ማባያ ማዮኔዝ ሊኖረው ይችላል። መካሮኒ ፓይ ዓይብና እንቁላል ነው፤ ይዝለሉት። ጥብቅ ለሆነ ጿሚ ደግሞ ሁለት ነገር ይቀራል፦ ያው ጭልፋ ከፍየሉ ወደ ሽንብራው መግባቱ፣ እና ባራው የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ዓሣም መጠበሱ። ንጹሕ ጭልፋ እንዲጠቀሙ ቢጠይቁ አይቀየሙም፤ ሂንዱ ደንበኞቻቸውም ይህንኑ ይጠይቃሉ።

ጃማይካ ቤት ከገቡ ደግሞ "አይታል" የሚል ካዩ፣ የራስተፈሪያን ምግብ ነው። ሥጋ የለበትም፣ ጨውም ብዙ ጊዜ የለበትም። ዓሣ የሚበሉ ራስታዎች ስላሉ እሱን ብቻ ያጣሩ።

ሥጋው ሐላል ነው? የክርስቲያን ሥጋስ?

ከቤት ቤት ይለያያል። ከትሪኒዳድና ከጉያና የመጡት ሂንዱዎችም፣ ሙስሊሞችም፣ ክርስቲያኖችም ናቸው፤ የባለቤቱ ስም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ሐላል የሚፈልጉ ሰዎች ግድግዳው ላይ እንደ ኤች ኤም ኤ ካለ የሐላል ተቆጣጣሪ ድርጅት የተሰጠ የማረጋገጫ ወረቀት መኖሩን፣ ቀኑም አለማለፉን ይመልከቱ፤ "ሐላል" የሚል ተለጣፊ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። በተቃራኒው ሐላል ሥጋ የማይበሉ ክርስቲያኖች አንድ ነገር ይወቁ፦ ኦንታሪዮ ውስጥ የፍየል ሥጋ ብዙውን ጊዜ ከሐላል አራጆች ነው የሚመጣው፤ ምልክት ባይለጠፍም። መጠየቅ ነው፤ ካልሆነ ሽንብራው አለ። የአሳማ ሥጋ ሮቲ ውስጥ የተለመደ አይደለም፣ አንዳንድ የሂንዱ ቤቶች ደግሞ የበሬ ሥጋ ጨርሶ አይሠሩም።

የጃማይካ ሮቲና "ኢስት ኢንዲያን ሮቲ" ከትሪኒዳዱ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ጃማይካ ውስጥ ሮቲ የዕለት ምግብ አይደለም፤ እዚህ ያሉ ጃማይካ ቤቶች ደንበኛ ስለጠየቀ ነው የሚሸጡት። ቂጣውን ብዙ ጊዜ ከሌላ ቤት ይገዙታል፤ ጀርክ ዶሮና የበሬ ጭራ ይጠቀልሉበታል። ወጡ ሊጣፍጥ ይችላል፣ ቂጣው ግን ምጣድ ካየ ሰነባብቷል። እዚያ ሲገቡ ፓቲ ይብሉ። ፓቲ ቶሮንቶ ውስጥ ጦርነት ያስነሣ ምግብ ነው፦ በ1985 የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች "ቢፍ ፓቲ ማለት የሃምበርገር ሥጋ ነው፣ በሊጥ የተሸፈነ በዚህ ስም አይሸጥም" ብለው ጋጋሪዎቹን አስጨነቁ፤ በመጨረሻ "የጃማይካ ፓቲ" ተብሎ እንዲሸጥ ተስማሙ።

"ኢስት ኢንዲያን ሮቲ" የሚባለው ደግሞ የቶሮንቶ የራሷ ፈጠራ ነው ማለት ይቻላል። የሕንድ ምግብ ቤቶች የካሪቢያኑን አጠቃለል ወስደው በተር ቺክን፣ ስፒናችና ፓኒር (የሕንድ ዓይብ) ሞሉበት። ክሬም ይበዛበታል፣ አጥንት የለውም፣ ቂጣው ክክ የለውም። መጥፎ ምግብ አይደለም፤ "ሮቲ በላሁ፣ ቅባት በዛብኝ" የሚሉ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የበሉት ይህንን ነው።

ሱቁ ውስጥ የጃንሆይ ፎቶና የእኛ ባንዲራ ለምን ተሰቀለ?

ባለቤቱ ራስታ ስለሆነ ወይም ራስታን ስለሚያከብር ነው፤ ይህ በጃማይካ ቤቶች ይበዛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. (ኤፕሪል 1966) መጀመሪያ ትሪኒዳድን፣ ቀጥሎ ጃማይካን ጎብኝተዋል፤ በሁለቱም ደሴቶች የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች። ኢትዮጵያዊ መሆንዎን ከሰሙ ወሬው ይረዝማል፣ ወረፋው ግን ከኋላዎ ያጉረመርማል። ስለ ጃንሆይ ያለዎት አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ካውንተር ላይ ባይከራከሩ ይሻላል።

ዋጋው ስንት ነው? ታክሱስ?

የተሞላ ሮቲ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ዶላር ባለው ውስጥ ነው፤ ሽንብራና ድንች ከሁሉም ይረክሳል፣ ዶሮ ይከተላል፣ ፍየልና ሽሪምፕ ከላይ ናቸው። አንድ ደብልስ ከ4 ዶላር በታች ነው።

ታክሱ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኦንታሪዮ ውስጥ የተዘጋጀ ምግብ ጠቅላላ ሒሳቡ 4 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የሚከፈለው 5 በመቶ ብቻ ነው፤ ካለፈ 13 በመቶ ነው። አንድ ደብልስ በ5 በመቶ ይወጣል፤ ሁለት አንድ ላይ ሲገዙ ድምሩ 4 ዶላር ካለፈ ሁሉም 13 ይሆናል። ጥሬ ገንዘብና ዴቢት ብቻ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ፤ ክሬዲት ካርድ ብቻ ይዘው አይሂዱ።

ጥሩ ሮቲ ቤት በምን ይታወቃል?

ማስታወቂያውን ትተው ምጣዱን ይፈልጉ። ከካውንተሩ ጀርባ ታዋ ካለና የሚዳምጥ ሰው ከታየ ግማሹ መልስ ተገኘ። ቂጣ ከፕላስቲክ ከረጢት ወጥቶ ማይክሮዌቭ ሲገባ ካዩ ሌላው መልስ ተገኘ። ዳልፑሪ ትኩስ ሆኖ የሚገኘው ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የቀረበልዎትን በልተው ቤቱን ባይፈርዱበት ፍትሕ ነው።

ቂጣውን በጣት ያንሡት። ሳይቀደድ መታጠፍ አለበት፤ ጠርዙ እንደ ካርቶን የሚሰበር ከሆነ ትናንት የተጋገረ ነው ወይም ምጣዱ ቀዝቅዞ ብዙ ደቂቃ ቆይቷል። ክኩ በአንድ ጎን ተከማችቶ ሌላው ባዶ ከሆነ አዳማጩ ቸኩሏል። ወጡ ላይ ደግሞ የካሪው ዱቄት ጥሬ ጥሬ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ካለው ከዘይቱ ጋር በደንብ አልተቁላላም። ይህን በርበሬ ያቁላላ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ንጽሕናውን በተመለከተ በሩ ላይ ዳይንሴፍ የሚባለው የቶሮንቶ ከተማ የምግብ ቤት ቁጥጥር ምልክት ይለጠፋል። አረንጓዴ አልፏል፣ ቢጫ ጉድለት ተገኝቶበት እንዲያርም ታዟል፣ ቀይ ተዘግቷል ማለት ነው።

የተረፈውን እንዴት ላሙቀው? ማቀዝቀዣ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?

ሥጋ ያለበት ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን። ተጠቅልሎ ያለውን ፎይሉን አውልቀው (ማይክሮዌቭ ውስጥ ፎይል ብልጭታ ያስነሣል) በረጠበ የወጥ ቤት ወረቀት ሸፍነው አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ገልብጠው ሌላ አንድ ደቂቃ። በኦቭን ከሆነ ከነፎይሉ በ175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ብቻውን ያለ ቂጣ በደረቅ መጥበሻ ላይ በየጎኑ ከ20 ሰከንድ አይበልጥ፤ ከበለጠ ይደርቃል፣ ከደረቀ አይመለስም።

ቂጣው ለብቻው ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቀመጣል። አራት ላይ አጥፈው፣ በመሃል ወረቀት እያደረጉ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት። የተሞላውን አያቀዝቅዙት፤ ድንቹ ሲቀልጥ ውሃ ይለቅና ቂጣውን ያበላሸዋል።

ለድግስ ማዘዝ ብፈልግ?

የተሞላ ሮቲ ለድግስ አይመችም። በስ አፕ ሸትና ወጡን በትሪ ይዘዙ፤ ለአንድ ሰው አንድ ቂጣና ሩብ ኪሎ ገደማ ወጥ ይያዙ። ከሁለት ቀን በፊት ይደውሉ። በኦገስት መጀመሪያ የካርኒቫል ሰሞን ከሆነ ከሳምንት በፊት፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ የትኛውም ቤት ስልክ አያነሣም።

ዳልፑሪ ቤት ውስጥ መጋገር እችላለሁ? ሁሌ ይቀደድብኛል።

የሚቀደደው ዘጠና ጊዜ ከመቶ በክኩ ምክንያት ነው። ለስምንት ቂጣ፦ 200 ግራም አተር ክክ (ለአልጫ የምንገዛው ቢጫው ራሱ ነው) ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጋር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቀቀላል። መውረድ ያለበት በሁለት ጣት ሲጫኑት ሲደቅ ነው እንጂ እንደ ወጥ ሲሟሟ አይደለም። ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍና ጨርቅ ላይ ተበትኖ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ከሁለት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ተቆልቶ ከተፈጨ ከሙን፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከትንሽ ቃሪያ ጋር ይፈጫል። እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት እንደ በሶ መበተን አለበት። ከተጣበቀ ውሃ ይዟል፤ በደረቅ መጥበሻ ትንሽ ያምሱት።

ሊጡ 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 320 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ነው። ከዳቦ ሊጥ የላላ፣ እጅ ላይ ትንሽ የሚይዝ ይሁን፤ ጠንካራ ሊጥ ከክኩ ጋር አብሮ አይሳብምና ይሰነጠቃል። ተሸፍኖ 30 ደቂቃ ያርፍ። ስምንት ቦታ ይከፈል፣ እያንዳንዱ እንደ ጽዋ ተከፍቶ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ክክ ገብቶበት ይታሸግ፣ የታሸገበት ወደ ታች ሆኖ ሌላ 15 ደቂቃ ያርፍ። ሁለተኛውን ዕረፍት የሚዘሉ ሰዎች ናቸው "እንቢ አለኝ" የሚሉት። ሲዳምጡ ከመሃል ወደ ዳር፣ በቀላል እጅ፤ ማዕዘን እንዳይዝ በየጊዜው ያዙሩት።

ምጣዱ መካከለኛ ሙቀት ላይ ይሁን። መጀመሪያ አንድ ጎን 30 ሰከንድ፣ ይገልበጥ፣ ዘይት ይቀባ፣ ይገልበጥ፣ ሌላውም ይቀባ። እንደ ፊኛ መንፋት ሲጀምር ደርሷል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ብስኩት ይሆናል። እንደወጣ ጨርቅ ውስጥ ይጠቅልሉት፣ የራሱ እንፋሎት ነው የሚያለሰልሰው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ የተመቸ ነው፤ ክዳኑን ግን አይክደኑበት። ለእንጀራ የሚጠቀሙበትን ምጣድ ደግሞ አይንኩት፤ ዘይት የጠጣ ምጣድ ላይ እንጀራ ዓይን አያወጣም። አሮጌ ምጣድ ከሌለዎት ከባድ የብረት መጥበሻ ይበቃል፣ ቂጣውን ብቻ አነስ ያድርጉት።